አሥር ምልክትና አንድ ሸኚ

ሚጣ የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት። በክርክር የሚረታት የለም፤ መንገድ ላይ ግን ያገኘችው ሕንፃ ሁሉ ይረታታል። ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ቀን የሕግ ክፍል መስሏት የእንስሳት ሕክምና ክፍል ገባች። ተነስታ መውጣቱ ስላሳፈራት ስለ ላም ጨጓራ አንድ ሰዓት ሙሉ ማስታወሻ ስትጽፍ ቆየች። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ከሕንፃ አራት ቀጥሎ ሕንፃ አሥራ አንድን የሚያቆም ግቢ ሰው ጠፋ ብሎ ሊስቅ አይገባውም። ትልቁ ስህተቷ ይህን እቤት ገብታ ማውራቷ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታላቅ ወንድሟ ሸኚ ሆነባት። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አሥራ አራት ዓመት በአንድ መስመር ላይ ነድቷል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ቦርሳዋን አንጠልጥሎ እስከ ክፍሏ በር ያደርሳታል፤ ይባስ ብሎ መቀመጧን በመስኮት አጮልቆ ያያል። በስድስተኛው ሳምንት የክፍል ጓደኞቿ «ባለአጃቢዋ» ማለት ሲጀምሩ ደሟ ፈላ።

ያን ዕለት ነው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የኦሬንቴሪንግ ክበብ ቅዳሜ ጀማሪዎችን እንደሚቀበል ያነበበችው። ካርታና ኮምፓስ ይዞ፣ ጫካ ውስጥ የተሰቀሉ አሥር ምልክቶችን እየፈለጉ መሮጥ ነው። በቆመችበት ተመዘገበች።

«አንቺ?» አለ ወንድሟ ማታ ስትነግረው። «ጫካ?» ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ጋሽዬ፣ እንዋዋል። ቅዳሜ አሥሩንም ምልክት ብቻዬን አግኝቼ ከመጣሁ ሽኝቱ ቀረ።»

«አንድ ከጎደለስ?»

«እስክመረቅ ትሸኘኛለህ።»

«ቦርሳሽንም ይዤ!»

የሕግ ትምህርት አምስት ዓመት ነው። ሚጣ እጇን ዘረጋች።

የክበቡ አሰልጣኝ ጡረታ የወጡ ካርታ ሠሪ ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ «እትዬ ሰሜን» ይላቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ጫካው ዳር ካርታና አሥር ባዶ ሳጥን ያለበት ካርድ ሰጧት። እያንዳንዱ ምልክት ላይ የካርድ መብሻ ታስሯል፤ የመብሻዎቹ ጥርስ ስለሚለያይ፣ ሳይደርሱ ደረስኩ ማለት አይቻልም።

«የካርታውን ሰሜን ወደ ሰሜን አዙሪው» አሏት።

ጉዞው ወደ ደቡብ ነበር። «እንዴ፣ ጽሑፉ ተዘቀዘቀብኝ እኮ!»

«ጽሑፉ ቢዘቀዘቅ ምን አስጨነቀሽ ልጄ? ዛፉ አልተዘቀዘቀ።»

«እትዬ፣ የተጻፈ ነገር የሚነበበው በፊደሉ ነው።»

«እንግዲያው ፊደሉን ተከተይ» አሉና የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

ተከተለች። ካርታው ላይ በስተቀኝ ያለው ወንዝ በስተግራዋ ጮኸ። ድልድይ መኖር በነበረበት ቦታ አጥር ተገተረባት። አጥሩን ሰደበች፤ ካርታ ሠሪውንም አታሚውንም ጨመረች። ሃያ ደቂቃ ብትከራከረውም አጥሩ ከአቋሙ ፍንክች አላለም። በመጨረሻ ግራ ቀኝ ቃኝታ ማንም እንደማያያት ካረጋገጠች በኋላ፣ እንደ ሌባ ቀስ ብላ ካርታውን ዘቀዘቀችው። ወንዙ ቦታው ገባ። ድልድዩም ከኋላዋ ሃምሳ እርምጃ ላይ ነበር፤ ሲስቅባት ቆይቷል።

ከዚያ ወዲያ የሚያቆማት አልተገኘም። ዘጠኝ ሳጥን በስታ ወደ አሥረኛው ስትሮጥ ከታች ከገደሉ ድምፅ መጣ።

«ሚጣ! ሚጣዬ!»

ወንድሟ ነው። ተደብቆ ሊከታተላት ገብቶ መውጫው ጠፍቶታል። ቆም አለች። አሁን ወደ እሱ ከወረደች «አሥረኛው ላይ እኔ ነኝ ያደረስኳት» ብሎ ውሉን ያፈርሰዋል፤ ታውቀዋለች።

«ጋሽዬ! ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ!»

«እንግዲያው ትንሽ ጠብቀኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

አሥረኛውን በሳች፤ ከዚያ ወረደች። ወንድሟ አሳምሮ የወለወለው የሥራ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ አንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«አልጠፋሁም» አለ ገና ሳትጠይቀው። «አንቺን ፍለጋ ነው።»

«አገኘኸኝ። በል ምራኝ።»

ደረቱን ነፍቶ ቀደመ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የተሰነጠቀው ድንጋይ ጋ ደረሱ። «ይሄ ሌላ ድንጋይ ነው» አለ። ሚጣ ተከተለችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደርሱ ድንጋዩ ላይ የእሱ ኮፍያ ተቀምጦ አገኙት፤ «ሌላ ድንጋይ» ባለው ላይ ላቡን ሊጠርግ አውልቆ ረስቶት ነበር።

ሚጣ ካርታዋን ዘረጋች።

«ኧረ ዘቅዝቀሽ ይዘሽዋል! ማንበብም ተውሽ እንዴ?»

«ጽሑፉ ቢዘቀዘቅ ምን አስጨነቀህ ወንድሜ? ዛፉ አልተዘቀዘቀ» አለችውና እጁን ይዛ አወጣችው።

እትዬ ሰሜን አሥሩን ቀዳዳ አንድ በአንድ መረመሩ። ከዚያ ባለጭቃውን ሰው ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይሄስ?»

«ሸኝቻት መጥቼ ነው» አለ።

«ማን ማንን?»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጭቃ መጥረግ ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ልማዱ አልለቅ ብሎት ቦርሳዋን አንጠልጥሎ በር ላይ ቆመ። ሚጣ ቀስ ብላ ተቀበለችው። ወንድሟ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ሳይሰናበታት ወደ ሥራው አቀና። መንታው መንገድ ላይ ሲደርስ ግን አላስችል አለውና ዞሮ አያት።

እሷም እጇን ዘርግታ፣ በእግረኛው ሁሉ ፊት «በቀኝ! በቀኝ በኩል ነው ጋሽዬ!» ብላ ጮኸች።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሄደበት መንገድ ነው። ቱግ ብሎ የሆነ ነገር አጉረመረመ፤ ከዚያ በቀኝ በኩል ሄደ።