የዳበል ወንዝ ወለል

ካልቱማ ዋልዳ በሚባል የስደተኞች ካምፕ ተወልዳ ሞያሌ ያደገች የውሃ ባለሙያ ናት። ከዳበል መንደር በላይ ወንዙ ላይ ግድብ የሠራው ድርጅት የቀጠራት ወንዙ ከተገደበ ወዲህ ምን እንደሆነ እንድትለካ ነበር። ወንዙ በዝናብ ጊዜ ብቻ ይሞላል፤ በበጋ አሸዋ ነው። ውሃው አሸዋው ውስጥ ስለሚቀር የዳበል ሰው እየቆፈረ ይጠጣል፣ ከብቱንም ያጠጣል።

ይጠጣ ነበር ማለት ይሻላል። ግድቡ ጎርፉን ብቻ ሳይሆን አሸዋውንም አስቀርቶታል። ከግድቡ በታች ወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ወርዶ ዐለቱ አግጥጧል። ጃርሶ የሚባሉ ሽማግሌ የአባታቸውን ኤላ፣ አሸዋው ውስጥ የተቆፈረውን የውሃ ጉድጓድ፣ አሳዩዋት። ድንጋይ ብቻ።

«ከብቶቼን ውሃ ፍለጋ ወደ ኦዳ ስነዳ ግማሾቹ መንገድ ላይ ቀሩ» አሏት።

ይህን ሁሉ ጽፋ ሪፖርቷን ለአለቃዋ ለኢንጂነር ቦናያ ሰጠች። በሦስተኛው ቀን ተለውጦ ተመለሰላት፦ ለውጡን ያመጣው ድርቁ ነው ይላል።

«ድርቁ ከግድቡ በላይም አለ» አለችው። «እዚያ አሸዋው ለምን አልወረደም?»

«ልንሠራው ያሰብነው ሁለተኛው ግድብ የሚፈቀደው በዚህ ወረቀት ነው። ፈርሚ።»

«አልፈርምም!» ብላ በሩን ወርውራ ዘግታ ወጣች።

በሳምንቱ ዳበል ላይ ባራዛ የሚሉት የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ቺፉ፣ የአካባቢው የመንግሥት ሹም፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ቦናያ የተለወጠውን ሪፖርት በስዋሂሊ አነበበ። መጨረሻ ላይ «ያጠናችው ካልቱማ ናት» አለ።

ካልቱማ ተነሥታ ሕዝቡ በሚናገረው በኦሮምኛ ጮኸች፦ «ስሜን ሰርቀሃል! እኔ የጻፍኩት ሌላ ነው! የማያምነኝ ይከተለኝ!»

ጃርሶ ቀድመው ተነሡ፤ ሰዉ ተከተለ። ወንዙ ዳር ያለውን የድሮ ድልድይ ምሰሶ አሳየቻቸው። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የነበረው መሠረቱ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ጃርሶ ጎንበስ ብለው ክንዳቸውን ከመሠረቱ ሥር እስከ ትከሻቸው አስገቡ።

«ይህንንም ድርቅ ነው የቆፈረው?» ብለው ተከትሏቸው ወደ መጣው ቦናያ ዞሩ።

ቺፉ የካልቱማን የመጀመሪያ ሪፖርት ተቀብሎ ወሰደ፤ ሽማግሌዎቹም ያለ እነሱ ፊርማ ለማይሠራው ለሁለተኛው ግድብ አንፈርምም አሉ።

ካልቱማ በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረች። ሁለተኛው ግድብ አልተሠራም። የመጀመሪያው ግን ውሃውንና አሸዋውን የሚያሳልፈው በሩ እንደተዘጋ ነው፤ እሷም በየወሩ ቺፉ ቢሮ እየሄደች «መቼ ነው የምታስከፍቱት?» እያለች ትጨቃጨቃለች።