ወንጪን የመረቁት ሰውዬ

ለቡ መብራት ኃይል ውስጥ የጠዋት የእግር ጉዞ ማኅበር አለን። ብዙዎቻችንን ከቤት ያስወጣን ስኳርና ደም ግፊት ነው፤ መንገድ ላይ ግን የምናወራው ስለ ጤና ሳይሆን ስለ ሰው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ አስጎብኚ ይዘን ራቅ ወዳለ አገር ሄደን በእግር እንጓዛለን። የዘንድሮውን ቦታ ለመምረጥ ሱቄ ጀርባ ባለችው ግቢ ተሰበሰብን። አስጎብኚያችን ፊሊጶስ በስልኩ ፎቶ አሳየን፤ የሰሜን ተራሮች፣ የባሌ ጫካ፣ የወንጪ ሐይቅ። ሁሉም «ሲያምር!» ይላል። እኔ የማየው ጋሽ ደገፋን ነበር።

ጋሽ ደገፋ የዚሁ አገር ሰው ናቸው። ይሄ ሁሉ ፎቅ ሳይመጣ እዚሁ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ ነበር። እኔ ከስልጤ በሙሽርነት መጥቼ ሱቅ ስከፍት የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ባለቤታቸው ኦብሴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና። ጨው ልትገዛ ገብታ፣ ምሳ እንዳልበላሁ ስታውቅ ሱቁን አስዘግታ ቤቷ ወሰደችኝ። ሰው እንዲህ ነበር። አሁን ጎረቤቴን የማውቀው በመኪናው ታርጋ ነው።

ከስብሰባው በፊት አንድ ጠዋት አብረን ስንሄድ ጋሽ ደገፋ ቀስ ብለው አወሩኝ።

«የግራ ዓይኔ ሄዷል። ሐኪሙ ቀኙም አይቆይም ብሎኛል። ሳይጨልምብኝ ፉሪ ተራራን አንዴ ልውጣና አገሬን ልየው። ኦብሴን ያጨሁ ጊዜ ቤታቸውን የማየው ከዚያ ላይ ሆኜ ነበር። ብቻዬን እንዳልሄድ እደናቀፋለሁ። ስብሰባው ላይ እናገራለሁ፤ አንቺ አግዢኝ።»

«ወላሂ አግዝዎታለሁ!» አልኩ።

አላገዝኳቸውም፤ ጊዜ የሰጠን አልነበረም። ሊቀመንበራችን ኤሌኒ ደግ ሴት ናት፤ ችግሯ ችኮላ ነው። ብዙው እጅ ለወንጪ ሲወጣ ጊዜ አጨበጨበችና «እንግዲህ ወንጪ ነው! ጋሽ ደገፋ፣ ይመርቁልን» አለች። የእሳቸውን ምርጫ ሳትጠይቅ! በእሷ ቤት ማክበሯ ነው። እኛ ማኅበር ውስጥ ደግሞ ሽማግሌ የመረቀው ነገር ተመልሶ አይነሳም። ይህን ወግ ያስለመዱን ራሳቸው ጋሽ ደገፋ ናቸው።

አፌን ስከፍት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁብኝ። ከዚያ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«መንገዱን ያቅናላችሁ። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። ዓይናችሁ አይቶ ይጥገብ።»

ሁሉም «አሜን» አለ። የእኔን አሜን በጥርሴ መሃል ነው ያሾለክኩት። ያን ቀን ለደንበኛ ሳሙና ስሰጥ ሁሉ እየወረወርኩ ነበር።

ማታ ሱቁን ስዘጋ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ምርቃቱ አይፈርስም፤ ከወንጪ በፊት አትለማመዱ ያለ ግን የለም። በማግስቱ ፊሊጶስን ያዝኩት።

«አንተ፣ ይሄ አስፋልት የለመደ እግር ወንጪን የሚችል ይመስልሃል?»

«እውነትሽን ነው እትዬ ዚነት፣ ልምምድ ያስፈልጋል። የት ይሁን?»

«ፉሪ!»

ለኤሌኒ ምክንያቱን ስነግራት ደነገጠች። እንባዋን ጠርጋ ለሁሉም የደወለችው እሷው ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ጋሽ ደገፋ ክንዴን ብሰጣቸው «አልይዝም» ብለው በዱላቸው እየዳሰሱ ቀደሙን። አንድ መታጠፊያ ላይ ቆም ብለው «እዚህ ጋ ምንጭ ነበር» አሉ። እውነትም መሬቱ ረጥቧል። እኛ እያለከለክን ነው፤ እሳቸው ወጣት ሆነዋል።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ጉም ነው። ከፊታችን ካለው ቁጥቋጦ ወዲያ ምንም የለም። ከጉም ጋር መጣላት ቢቻል ኖሮ ያን ቀን ተደባድቤ ነበር። ስንት ቀን ቆጥበው ያቆዩት ዓይን!

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ ፊሊጶስ። «ምንም አይታይም።»

እሳቸው ግን ዱላቸውን ወደ ጉሙ ዘረጉ።

«ያውና፣ የሽምብራ ማሳችን። ዝቅ ሲል አውድማው። ከወንዙ ማዶ ባሕር ዛፉ ሥር ደግሞ የእነኦብሴ ቤት። አጥሩ ላይ ነጠላ ከተሰጣ አባቷ ገበያ ሄደዋል ማለት ነው፤ ያኔ እሮጣለሁ።» ሳቅ አሉ። «ነጠላው ተሰጥቷል።»

«የቱ ጋ ጋሼ?» አለች ኤሌኒ።

ትከሻዋን ይዘው አዞሯትና አሳዩዋት። ሁላችንም ወደዚያው አየን። እኔ ኦብሴ ናፈቀችኝ፤ ጨው ልትገዛ ስትመጣ በሩ ላይ የምትጠራኝ አጠራር ሳይቀር ናፈቀኝ።

ከዚያ ነፋስ መጣና ጉሙ ተገለጠ። ኮንዶሚኒየሙ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ አስፋልቱ፣ ያልተጨረሱት ፎቆች እስከ ሀና ማርያም ድረስ ቁልጭ አሉ። ሰዉ ስልኩን አወጣ። «ያው የእኔ ብሎክ!» የሚለው በዛ። እኔም ወደ ጋሽ ደገፋ ሮጥኩ።

«ጋሽ ደገፋ፣ ተገለጠ! ቶሎ ይዩ!»

ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

«አይ ዚነት፣ እኔ አይቻለሁ» አሉኝ። «ይሄኛው ያንን ሳይሸፍንብኝ እንውረድ።»

ስንወጣ አልይዝም ያሉትን ክንዴንም ያዙት።