አንድ ጊዜ ብቻ የተለመነች

በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ነፋስ ስልክ፣ አቶ አስረስ ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ የሚሞት ሰው ቢኖር እንኳ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይታገሣል ይባል ነበር። ቀልድ ነው፤ ከእውነቱ ግን ብዙ የራቀ አይደለም። በዚያች ሰዓት አቶ አስረስ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ይገልጣሉ፣ የሣጥኑን በር በቁልፍ ይከፍታሉ፣ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ይቀመጣሉ። በግራቸው ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ፣ በቀኛቸው ጎረቤታቸው እትዬ ጸሐይወርቅ። መሀል ላይ፣ ዱካ ላይ፣ ብቸኛ ልጃቸው ተናኘ። እንግሊዝኛ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፤ መሥሪያ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ነው የምትሠራው።

የሚያዩት ተከታታይ ፊልም፣ ሸራ በለበሰ ጋሪ ተጉዘው ዳርቻ በሌለው ሣር ሜዳ ላይ ጎጆ ስለቀለሱ ፈረንጆች ነበር። ስሙን የያዘው ስለሌለ ሁሉም «ሰፋሪዎቹ» ይሉታል። ሚስቱ የሞተችበት ሳሙኤል የሚባል ሽማግሌ አለ። ሩት የምትባል ሴት ልጅ አለችው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቶም የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪም አለ፤ ውኃ ፍለጋ ብሎ የሩትን ደጅ ሲቆፍር ስንት ሳምንቱ። የሩት ታናሽ ወንድም ትኩሳት የያዘው ጊዜ እትዬ ጸሐይወርቅ ለብሥራተ ገብርኤል ሻማ ተስለዋል። ልጁ በሳምንቱ ድኖ ሲሮጥ ሲያዩ ስለታቸውን አስገቡ። ማንም አልሳቀባቸውም።

አቶ አስረስ ደግሞ ሳሙኤልን እንደ ወንድም ነበር የሚያዩት። እሳቸውም ሚስት ቀብረዋል፤ ተናኘን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ፀጉሯን ሳይቀር እየጎነጎኑ ያሳደጉ ናቸው። ከስልክ መሥሪያ ቤት ጡረታ እስኪወጡ ያወቁት እንግሊዝኛ «ሃሎ» እና «ቢዚ» ብቻ ነው። ቢሆንም ተናኘ አንድ ነገር በተረጎመች ቁጥር፣ የሚያውቁ ይመስል፣ «ልክ ነው» ይላሉ።

ሮበሌ ወደዚህ ቤት የገባው በዚሁ ቴሌቪዥን ሰበብ ነው። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ነፋስ አንቴናውን ሲያጣምመው ከጎፋ የመጣ ጥገና ሠራተኛ ነበር። እሱ ጣራ ላይ ወጥቶ «አሁንስ?» ይላል፤ ተናኘ በሩ ላይ ቆማ «ትንሽ ወደ ግራ» ትላለች። «አሁንስ?» «ትንሽ ወደ ቀኝ።» ምስሉ በአምስት ደቂቃ ጠርቶ ነበር። እሱ ግን ከጣራው የወረደው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አንቴናው ከዚያ እስከ ገና ስድስት ጊዜ ተበላሸ፤ ነፋሱ ሁለቴ ነው የነፈሰው።

እናም ጥር ላይ ሮበሌ ሽማግሌ ላከ። እናት አባት የለውም፤ ያደገው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። «ሽማግሌ ላክ» ሲባል የላካቸው ሦስት የሥራ ጓደኞቹን ነበር። የሦስቱ ሽማግሌዎች ትልቅ ኢያቄም ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ለዚያች ቀን ብሎ ፂሙን አሳድጎ፣ የሰው ጋቢ ተውሶ መጣ። ተናኘ ጓዳ ሆና ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ልመናውን ሰማች። ከዚያ የአባቷን ድምፅ ሰማች፦

«ልጄ ገና ልጅ ናት። ለማንም የምሰጣት ልጅ የለኝም።»

ኢያቄም «እናመሰግናለን» ብሎ ወጣ። የቀረበለትን ጠላ እንኳ አልጨረሰም።

ሮበሌ ከዚያ ወዲህ ጣራ ላይ አልወጣም። ተናኘ እንጥፋ ብትለው ፊቱን አዞረ። «እኔ አባት የሚባል ነገር አላውቅም» አላት፤ «አንቺ ያለሽን አንድ አባት ግን አላስጥልሽም።» ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የአባትና የልጅ ዝምታ ግን በዚያ ቤት ሲነቅዝ ከረመ። አቶ አስረስ ስለዚያ ቀን ምንም አላነሡም፣ እሷም አልጠየቀች። እንዲህ ያለ ነገር ልጅ አባቷን የምትጠይቀው አይደለም፤ የምትጠይቃት እናቷን ነው። እናት ደግሞ የለችም።

ሚያዝያ ደረሰ። አንድ ሐሙስ ሮበሌ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ጠብቆ፣ ጅማ መዛወሩን፣ ሰኞ ጠዋት እንደሚሄድ ነገራት። ራሱ ጠይቆ ነው የተዛወረው። በዚህ ሰፈር አንቴና ባየ ቁጥር ሆዱ እንደሚባባ ተናገረ። ተናኘም እያለቀሰች ታክሲ ያዘች።

ያቺ ቅዳሜ የመጣችው እንዲህ ሆና ነው። ቶም የክት ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሳሙኤል ፊት ቆመ።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ፣ እንዝርታቸውን አቁመው።

«ሩትን እንዳገባት ይፍቀዱልኝ አለ» አለች ተናኘ።

«ልክ ነው» አሉ አቶ አስረስ። «ሳሙኤልስ?»

ሳሙኤል ሜዳውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ የቶምን እጅ ጨበጠና አንድ ነገር ተናገረ። ተናኘ ወደ አባቷ ሳትዞር ተረጎመች።

«‹እሺ፣ ውሰዳት› አለው።»

«ደግመሽ አስቢው።»

«‹እሺ› ነው ያለው አባባ።»

«በአንድ ቃል?»

«በአንድ ቃል።»

አቶ አስረስ ከወንበራቸው ተነሡ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ወንድም የወደዱትን ሰው ጣታቸውን ቀስረው ገሠጹት። «አይ ሳሙኤል! እኔ ሰው መስለኸኝ። ገበያ ላይ ዶሮ እንኳ በአንድ ቃል አይሸጥም። ልጅህን ጠልተሃታል ማለት ነው። ሰለቸችህ።»

«አገራቸው ነው እንግዲህ» አሉ ጋሽ ሸምሱ ሊያበርዱ። «በዚያ ሜዳ ሽማግሌ ከየት ያምጣ?»

«ባይኖርስ? ራሱ ተመልሶ አይመጣም? ሴት ልጅ የምትወደድ ከሆነች አባቷ እምቢ ይላል፣ ጠያቂው የሚወዳት ከሆነ ይመለሳል። አሁንም እምቢ ይላል፣ አሁንም ይመለሳል። ክብሯ እኮ እሱ ነው። እኔ ለነዚያ ጎረምሶች እምቢ ያልኩት...» ብለው አቋረጡ።

ተናኘ ዱካው ላይ ዞረች። ፊልሙ እየሄደ ነው፤ ሩት እየሮጠች ነው፤ የሚተረጉም ግን የለም።

«ያልከው ለምንድን ነው አባባ?»

አቶ አስረስ ቁጭ አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሊመለሱ ነዋ። በሳምንቱ ጠበቅኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ጠበቅኳቸው። ጠላው እንዳያልቅ ብዬ እኔ ራሴ መጠጣት ተውኩ። ወር ሲሞላ ገባኝ። ልጄ ለሱ አንድ ጊዜ ብቻ የምትለመን ናት። እንዲህ ላለ ሰው ደግሞ ላዝን አልችልም፤ ያዘንኩት ላንቺ ነው። ለዚህ ነው ዝም ያልኩሽ።»

እንኳን እናቴ ሞታ እንዲያውም አልቅስ አልቅስ ይለኛል እንደሚባለው፣ ተናኘ ከሐሙስ ጀምሮ ዳር ዳር ሲል የነበረውን እንባ ለቀቀችው። እትዬ ጸሐይወርቅ ለሩት ደስታ ያለቀሰች መስሏቸው አብረው አለቀሱ።

እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ተናኘ ጎፋ ነበረች። ሮበሌ ፍራሹን ጠቅልሎ በገመድ እያሰረ ነው።

«ሽማግሌ ስትልክ ማንን አማከርክ?» አለችው፣ ሰላም ሳትለው።

«ኢያቄምን።»

«ኢያቄም አግብቷል?»

«አላገባም።»

«ለምኖ ያውቃል?»

«አያውቅም። ምነው?»

ነገረችው። ሮበሌ ገመዱን እንደያዘ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።

«ማሳደጊያ እያለን» አለ፣ «አይሆንም ከተባልን አይሆንም ነው። ደግሞ የሚጠይቅ ልጅ ይቀጣ ነበር። እምቢ ተብሎ ደግሞ መጠየቅ ክብር እንደሆነ ማን ይነግረኛል?»

«ይኸው እኔ ነገርኩህ» አለችውና ገመዱን ከእጁ ወስዳ ፈታችው።

ሰኞ ጠዋት የጅማው አውቶቡስ አንድ ወንበር ባዶ ይዞ ሄደ። አለቃው ሮበሌን ሲሰድበው ዋለ፤ እሱ ግን እንደተመረቀ ሰው ፈገግ እያለ ሰማው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከፕሮግራሙ በፊት፣ ሽበታም ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ በንቲ ነበሩ። ሌላው፣ ካፖርት ደርበው፣ ያን ቤት ከተወለዱ አይተውት የማያውቁ መስለው የቆሙት ጋሽ ሸምሱ ናቸው።

«ቤት ለእንግዳ፤ ተቀመጡ» አሉ አቶ አስረስ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ከየት መጣችሁ?»

«ከሩቅ።»

ሱቃቸው ከግቢው በር ሃያ እርምጃ ነው። ተናኘ ጓዳ ውስጥ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ልመናው ተሰማ፤ አባቷም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ገና ልጅ ናት» አሉ። «አልሰጥም።»

በጥር እንደ ድንጋይ የወደቀባት ያው ቃል ነበር። አሁን ግን አባቷ ቃሉን ሲያስረዝሙት፣ ሲያጣጥሙት፣ ለጎረቤት እንዲሰማ ጎላ ሲያደርጉት ሰማች። ይህን ያህል የተወደደች መሆኗን ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር። በኋላ አቶ አስረስ እግራቸውን እየጎተቱ ጓዳ ሲገቡ አገኟት።

«አባባ፣ ስንት ጊዜ ነው እምቢ የምትለው?»

አቶ አስረስ ስለ ሚስታቸው አያወሩም። በሃያ ዓመት ውስጥ ተናኘ የሰማችው በጣት ይቆጠራል። ያን ቀን ግን የጠላውን በርሜል ተደግፈው አወሩ።

«እናትሽን ያገኘኋት በአራተኛው ነው። አባቷ ሦስት ጊዜ መለሱኝ። በሦስተኛው ዝናብ እየወረደ ነበር፤ ወንዝ ሞልቶብን ሽማግሌዎቼ በሌላ ሰው በቅሎ ተሻገሩ። በኋላ ስትስቅብኝ ትኖር ነበር፤ ‹በአምስተኛው ትቀር ነበር› እያለች። አልቀርም ነበር።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ከእናትሽ አትበልጪም ልጄ። ግን አታንሺምም።»

ተናኘ እንደ ልጅነቷ አቀፈቻቸው። ከዚያ ወደ ግቢው በር ወጣች። ሮበሌ አጥሩን ተደግፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ይጠብቃል።

«ምን አሉ?»

«እምቢ አሉ።»

«ስንት ቀረኝ?»

«ሁለት» አለችው። እዚያው አጥሩ ሥር ሁለቱም ሳቁ።

ሦስተኛውም ልመና በእምቢታ አለፈ። በአራተኛው አቶ አስረስ ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም። ሽማግሌዎቹ ቆመው ለመኑ። የቴሌቪዥኑ በር እንደተቆለፈ ነው። አቶ አስረስ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቃል ግን አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ያ ሁሉ ጊዜ «እምቢ» ለማለት ያልቸገረ አንደበት፣ የሚቀጥለውን ቃል መሸከም አቃተው።

«ተናኘ» አሉ። «ነይ ውጪ።»

የምትለመን ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። አቶ በንቲ ጋሽ ሸምሱን አዩዋቸው። ተናኘ ወጥታ፣ የዘወትር ቦታዋ፣ ዱካው አጠገብ ቆመች።

«በጥር፣ ለነዚያ ልጆች ‹የምሰጣት ልጅ የለኝም› ያልኳቸውን ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ አባባ።»

«በይ እንግዲህ ተርጉሚላቸው።»

ተናኘ አባቷን አየች። ፀጉሯን ይጎነጉኑ የነበሩት እጆቻቸው የጋቢያቸውን ዘርፍ ይጎነጉናሉ።

«‹እሺ› ነው ያለው» አለች።

«ልክ ነው» አሉ አቶ አስረስ።