ሹሩባው ሳያልቅ

የሰደበችኝ የቦላ እናት ናት። ቀኑ ማክሰኞ፣ አረፋ በዋለ በሳምንቱ፣ ከቀትር በኋላ ነው። መብራት ሄዶ ጀነሬተሯ አልነሳ ስላላት ጠርታኝ፣ ፀጉር ቤቷ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብዬ እየፈታሁላት ነበር። ውስጥ ሴቶች ሞልተዋል። እንዳልሰማ ድምጿን ዝቅ ያደረገች እንዳይመስላችሁ፤ እንድሰማ ብላ ነው የተናገረችው። «ይኼ ራሳኪ እኮ ራሱ እንደ ጀነሬተር ነው» አለች፣ «ጩኸቱ ለሰፈር፣ ብርሃኑ ለአንድ አምፖል።» ሴቶቹ ተንከተከቱ። ከሁሉም ቆይታ የሳቀችው አቦሴዴ ናት። አቦሴዴ ማለት እንድታገባኝ የጠየቅኳት ሴት ናት።

እኔ ስድብ አይረሳኝም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ ጆሮዬን ይዞ «ይኼን ከማስተምር አጥሩን ባስተምር ይሻለኛል» ያለኝን፣ የለበሰውን ቡናማ ኮት ጭምር አስታውሰዋለሁ። ትምህርቴም እዚያው ላይ አበቃ። የእህቴ ባል በሰርጉ ቀን ከሾፌሮች ጋር አስቀምጦኝ የዶሮ አንገት እንዳቀረበልኝም አልረሳሁም። ዛሬ ሲያገኘኝ አቅፎ ይስመኛል። እሱ ረስቶታል፤ ለተሳዳቢ መርሳት ቀላል ነው።

የቦላ እናት ፀጉር ቤትና የኔ ጥገና ሱቅ የሚለያዩት በአንድ ኮምፔንሳቶ ነው። እኛ ሰፈር ሙሺን ውስጥ ግድግዳ ማለት ያ ነው፤ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ቴሌቪዥኗ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ፊልም አለ፣ ፊልሙም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እኔ ዓይቼው አላውቅም፣ ሰምቼ ነው የማውቀው። ሴትዮዋ ሠላሳ አምስት ሞልቷታል። ሥራ አላት፣ ባል የላትም። ሩዝ ታሳርራለች። አለቃዋን ያማችበትን መልእክት ተሳስታ ለራሱ ለአለቃዋ ትልካለች። ሰው በተሰበሰበበት የጫማዋ ተረከዝ ይሰበርና ቦይ ውስጥ ትገባለች። እናቷ በየእሁዱ ደውላ «ጓደኞችሽ እኮ ልጅ ትምህርት ቤት አስገቡ» እያለች ታለቅሳለች።

እነዚያ ሴቶች ታዲያ አይስቁባትም፣ ይስቁላታል። ስትወድቅ «እኔን» ይላሉ። ስትዋሽ «ምን ታድርግ» ይላሉ። መጨረሻ ላይ ስታለቅስ አብረው አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ፤ ያንኑ ፊልም ባለፈው ሳምንት ያዩት እነሱው ናቸው። እኔ ከኮምፔንሳቶው ወዲህ፣ ቤንዚን እየሸተተኝ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ ሳስበው ይደንቀኛል። እስከ አርባ ሦስት ዓመቱ ድረስ ሚስት ያላገኘ ወንድ ሩዝ ቢያሳርር ማን ነው «እኔን» የሚለው? የሱን ፊልም ማን ያያል?

አቦሴዴ ራሷ እንደዚያች የፊልም ሴትዮ ናት፤ ለዚህም ይመስለኛል የምትወዳት። መድኃኒት ቤት ውስጥ ሻጭ ናት። ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጠባብ ኮሪደር፣ የኔ በር ከሷ በር ትይዩ ሆኖ ኖረናል። ቁልፏን ትጥላለች፣ እኔ እከፍትላታለሁ። ካውያ ሳትነቅል ወጥታ ልብሷን ታቃጥላለች፣ ካውያውን እኔ እሠራላታለሁ። ምድጃዋን፣ ቬንትሌተሯን፣ የሻንጣዋን ዚፕ ሳይቀር ያበጀሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ዋጋ ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ወንድ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል? የአረፋ ዕለት ሥጋ በሳህን ይዤላት ሄድኩና «አግቢኝ» አልኳት። ሳህኑን ተቀበለችኝ። «እስቲ ላስብበት፣ ራሳኪ» አለች። እምቢ አላለችም። ይህ ይያዝልኝ፤ እምቢ አላለችም።

ነገሩን ያጠበቀው አጎቴ ላሚዲ ነው። አቤኦኩታ ነው የሚኖረው፣ የቤተሰባችን ታላቅ እሱ ነው። በዚያው በዓል ዘመድ ተሰብስቦ ስንበላ፣ በልጆች ፊት «ራሳኪ፣ አንተን ስንቀብር ማንን ነው የምናጽናናው? ጀነሬተሮችህን?» አለኝ። ልጆቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ያኔ ነው ከአፌ የወጣው። «ሴት አግኝቻለሁ፣ እሺ ብላኛለች» አልኩ። ሰውዬው ምግቡን ትቶ ተነሥቶ አቀፈኝ። ሲያቅፈኝ የመጀመሪያው ነው። በማግሥቱ ሽማግሌ መረጠ፣ ለሽምግልና የሚወሰደውን ቦዬና የኮላ ፍሬ ገዛ፣ የአባቷን ቤት ካጠያየቀ በኋላ ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ቀን ቆረጠ። እኔ ደግሞ ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ቀኑ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ካቻቢቴው ከእጄ ይወድቅ ነበር። ሱቄ ውስጥ ስሆን ግድግዳው፣ ቤቴ ስሆን የአቦሴዴ በር። የምቆምበት ቦታ ጠፋኝ።

ሐሙስ ዕለት አቦሴዴ ሹሩባ ልትሠራ መጣች። ድምጿን በኮምፔንሳቶው ሰማሁ፣ «ቀጭን ቀጭን አድርጊልኝ» ስትል። ቀጭን ሹሩባ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። መሥሪያ ቤት ብጠይቃት «ቸኩያለሁ» ትላለች፣ ኮሪደር ላይ «ድስት ጥጄ» ትላለች፤ ግማሽ ራሷ የተጎነጎነ፣ ግማሹ እንደ ቁጥቋጦ የቆመ ሴት ግን የትም አትሄድም። እስኪጋመስ እጠብቃለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ሥራ አልሠራሁም።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩን አስነሡት፣ ጥቂት ሄደና አንገሸገሸው፣ ሞተ። ወዲያው ኮምፔንሳቶው ተደበደበ።

«ራሳኪ! የፊልሙ መጨረሻ ላይ ደርሰናል፣ ቶሎ በል።»

የካንዴላ መፍቻዬን ይዤ ሄድኩ። ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ አወጣሁት፣ ጥላሸት ውጦታል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ በሸሚዜ ጠረግኩት፣ ጸዳ። መልሶ መግጠም ብቻ ነበር የቀረው። አልገጠምኩትም። በመዳፌ ጨብጬ ገባሁ።

ቤቱ ምድጃ ሆኗል። ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ ቴሌቪዥኑ ጠቁሯል። አቦሴዴ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ የቦላ እናት ከኋላዋ ቆማ ፀጉሯን በጣቶቿ መሃል ይዛዋለች። ጥግ ላይ ተራ የምትጠብቅ አንዲት አልሃጃ የምትባል አሮጊት ነጋዴ አለች፣ በመሃረቧ ራሷን ታራግባለች።

«ተሠራ?» አለች የቦላ እናት።

«ተሠርቷል። ከማስነሣቴ በፊት ግን ለአቦሴዴ አንድ ቃል አለኝ።»

«ካስነሣህ በኋላ ንገራት። ሴትዮዋ ሰርግ ቤት ማይክሮፎን ይዛ ቆማለች እኮ።»

«በፊት ነው።» መዳፌን ከፍቼ ካንዴላውን አሳየኋቸው። አግቢኝ ማለቴን ፀጉር ቤቱ ከሰማ ሰንብቷል።

አልሃጃ አንገቷን አስግጋ አየችውና «ልጄ» አለች፣ «ሰው ሚስት ሲፈልግ ቀለበት ይይዛል። አንተ ካንዴላ ይዘህ መጣህ?»

«አይ፣ ይኼ ሰውዬ ሙቀቱ ነክቶታል» አለች የቦላ እናት። «በሹሩባ መሃል ሽማግሌ ይላካል እንዴ? ቢያንስ እጄ ይረፍ።»

«ተይው ይናገር» አለች አልሃጃ። «ከፊልሙ ሳይሻል አይቀርም።»

አቦሴዴ አልሳቀችም። ራሷን ማዞር ስላልቻለች በግድግዳው መስታወት ነው ያየችኝ። «ምንድን ነው፣ ራሳኪ?»

«መልስሽን ነው የምፈልገው። አሁን።»

«ላስብበት አልኩህ እኮ።»

«ጊዜ የለም። ቅዳሜ አጎቴ ሽማግሌ ይዞ አባትሽ ቤት ይመጣል።»

የቦላ እናት ጣቶች ቆሙ። ውጭ የአውቶቡስ ረዳት «ኦሾዲ፣ ኦሾዲ» እያለ ሲጣራ በሩ ድረስ ይሰማል።

«ማን ኑ አላቸው?» አለች አቦሴዴ።

«እኔ። እሺ ብላለች አልኳቸው።»

«እሺ አልኩህ?»

«አላልሽም።»

ከዚያ አልሃጃ በመሃረቧ አፏን ይዛ ትንቀጠቀጥ ጀመር። «እንደ ፊልሙ» አለች። «በአላህ፣ ቁርጥ እንደ ፊልሙ። እሷም እኮ እጮኛ አለኝ ብላ ዋሽታ አይደል ጉድ የፈላባት።»

እኔም የምፈልገው በር በእሷ አፍ ተከፈተልኝ። «ልክ ነው» አልኩ። «ሰምቻለሁ፣ ማዶ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሴትዮዋ እናቷን ዋሽታለች፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሙሉ ዋሽታለች። እናንተ ምን አላችሁ? ‹ምን ታድርግ፣ መውጫ አጥታ ነው› አላችሁ። አልቅሳችሁላታል። እኔ ከእሷ የባሰ ምን አደረግኩ? እሷ ስትዋሽ የታዘነላት፣ እኔ ስዋሽ ሙቀት የነካኝ፣ ሴት ስለሆነች ነው?»

የቦላ እናት አፏን ከፈተች፣ አቦሴዴ ግን እጇን አነሣችና ዝም አሰኘቻት። ጥያቄዬን ከምር ነው የያዘችው። ይህን አልክድም።

«አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ዋሽታለች፣ እውነት ነው። ሰነፍ ናት፣ ዝርክርክ ናት፣ ወሬ አትችልም። ግን እኔ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን አያታለሁ። ዊጓን አውልቃ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የትናንት የኤባ ገንፎ ከድስቱ ስትበላ። ምን ያህል እንደጨነቃት ማንም ሳያውቅ እኔ አውቃለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ‹እኔም፣ እኔም› እላታለሁ። አንተን ግን ስድስት ዓመት ትይዩህ ኖሬ አንዲት ነገር ስትቸግርህ አላየሁም።»

«እና መቸገር ነበረብኝ?»

«ቁልፌን ከፍተህልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ካውያዬን ሠርተህልኛል። ግን ራሳኪ፣ አንድም ቀን ዝም ብለህ ሠርተህልኝ አታውቅም። ይኼ የተበላሸው እንዲህ ስላደረግሽ ነው፣ ያኛው የተቃጠለው እንዲያ ስላላደረግሽ ነው። ደጄ ላይ ቆመህ፣ ጎረቤት እየሰማ። ያንተን እጅ ሳይ ጥፋቴ ነው የሚታየኝ። እዚህ መጥቼ ስቀመጥ፣ ያቺን ሴትዮ ሳይ፣ እንዴት እንደተበላሸ የሚያስረዳኝ የለም።»

«እኔ እንዳይደገም ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ካንዴላው መዳፌ ውስጥ እርጥብ ሆኗል። ያችን ክፍል ለቅቄ መውጣት ፈልጌ ነበር፤ መልስ ሳልይዝ ብወጣ ግን ቅዳሜ እዚያው ደጅ ላይ እንደቆመ ነው። መውጫው ያለው በዚህች በርጩማ ላይ በተቀመጠች ሴት አፍ ውስጥ ነበር።

«እሺ ወይስ እምቢ?» አልኳት።

«እምቢ ነው፣ ራሳኪ» አለች። በመስታወቱ ሳይሆን፣ የቦላ እናት የያዘችውን ፀጉር ከጣቷ አስለቅቃ፣ ፊቷን ወደኔ አዙራ ነው የነገረችኝ። ግማሽ ራሷ ቆሞ፣ ፊቷ በላብ ወዝቶ። የሚያስቅ መልክ ነበራት፣ ማንም ግን አልሳቀም። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅዳሜን ፈርተሃል?»

ካንዴላውን ከአንዱ መዳፌ ወደ ሌላው አዛወርኩት።

«ለስድብ አይደለም። ፈርቼያለሁ በለኝ ብቻ። ከፈራህ ቅዳሜ በጠዋት አባቴ ቤት እሄዳለሁ። አጎትህ ሲመጡ እሺ ብዬው ነበር፣ ሐሳቤን የቀየርኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ወሬው በእኔ ይሁን፣ እኔ ለምጄዋለሁ። ግን ንገረኝ። አንድ ጊዜ የቸገረህን ከአፍህ ልስማው።»

«በል፣ ልጄ» አለች አልሃጃ። አሁን አትስቅም። «ምን አለበት።»

የቦላ እናትን አየኋት። ዓይኗን ተክላብኛለች፣ ማበጠሪያው እጇ ላይ ነው። ዛሬ የምለውን ነገ ለሚመጣው ሁሉ እንደምትደግመው አውቃለሁ። «ራሳኪ እኮ እዚህ ቆሞ እንደ ሕፃን» ብላ ስትጀምር፣ እኔ ከኮምፔንሳቶው ማዶ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። ፊልሙ ላይ ሴትዮዋ ማይክሮፎን ይዛ ታለቅስና ሙዚቃ ይመጣላታል። ለኔ ማንም ሙዚቃ አልጫነም።

ወጣሁና ካንዴላውን ገጠምኩ፣ አጠበቅኩት። ገመዱን ሳብኩ። በመጀመሪያው ተነሣ። ቬንትሌተሩ ዞረ፣ ቴሌቪዥኑ በራ፣ የሰርጉ ሕዝብ ጫጫታ ተለቀቀ። በሩ ክፍት ስለነበር ወደ ውስጥ አየሁ፤ ሦስቱም ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አልዞረም።

አቦሴዴ ተነሥታ በሩ ላይ መጣች። ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነው፣ ግማሽ ራሷ እንደቆመ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እያያት። ሰው አየኝ አላለችም።

«ራሳኪ» ብላ ከጀነሬተሩ በላይ ጮኸች፣ «ፈርተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

መፍቻዬን ከመሬት አነሣሁ። እጄን በሱሪዬ ጠረግኩ። ሱቄን አልፌ፣ በሩንም ሳልዘጋ፣ ወደ አውቶቡሱ መንገድ ሄድኩ።