ጨርቁ ጠፍቶ ቀለሙ ሲቀር

ጠቃጠቆ የአበባውን ግንድ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው የማስቀመጫውን ቂጥ መታ መታ ታደርጋለች። ተክሉ ቦታ ጠቦት ቅጠሉን ማርገፍ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ዛሬ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ሰፋ ወዳለ ማስቀመጫ ልታዛውረው ጓሮ ወጥታለች። መጠሪያዋ ሌላ ነው። በታላቅ ወንድሟ በጋሼ ማተሚያ ቤት መሥራት ከጀመረች ወዲህ ግን ክንዷ ላይ የተፈናጠቀው ቀለም በሳሙናም በምንም አልለቅ ሲል፣ ይህን ስም ያወጣላት እሱ ነው።

ከረጢትና ካናቴራ ላይ የድርጅት ስም በሚያትመው በዚህ ቤት፣ የተበላሸ ህትመት አይጣልም። ዓርማው የተንጋደደበት ከረጢት ይቀደድና የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ይነጠፋል፤ አፈሩ በቀዳዳው እንዳይወርድ። የዚህኛውንም ምንጣፍ ያነጠፈችው እሷ ናት።

አፈሩ ከነሥሩ ተመዞ ወጣ። ጨርቁን ፈለገችው፤ የለም። ጥጥ ነበር፣ መሬት በልታዋለች። በቦታው አንድ ቀጭን ልጣጭ ከሥሮቹ ጋር ተጣብቋል። በአውራ ጣቷ አፈሩን ስታራግፍለት ፊደል ሆነ። የአንድ ዳቦ ቤት ስም ነው፤ ሰማያዊነቱ እንኳ አልደበዘዘም። ጎተት ስታደርገው ተለጠጠና ተመልሶ ተኮማተረ።

ትናንት ለአንዲት የጥርስ ሐኪም ያዘጋጀችው ናሙና ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሐኪሟ ለታካሚዎቿ የምታድለው ከረጢት ነው፤ ከጥርስ ዓርማው ሥር “ይህ ከረጢት ሙሉ በሙሉ በስብሶ አፈር ይሆናል” ይላል። ቃሉን ጠቃጠቆ ያገኘችው ከጨርቅ ነጋዴው ነው። ነጋዴው የተናገረው ስለ ጨርቁ ነበር። እሷ ያተመችው ስለ ከረጢቱ ነው፤ ያውም በዚሁ ቀለም።

ነገሩን የሚያከብደው ሐኪሟ የእሷ ደንበኛ መሆኗ ነው። ጋሼ እስከ ዛሬ የማተሚያ ወንፊቶቹን ፍሬም ከምታጥብበት ገንዳ አላወጣትም፤ “ሰው ፊት አፍሽ ይተሳሰራል” ይላል። ባለፈው ግን፣ “ይህቺን ሴትዮ ካስፈረምሽልኝ ደንበኛ ማነጋገሩን ላንቺ እተወዋለሁ። ካመለጠችሽ ወደ ገንዳሽ” ብሏታል።

ልጣጩን ይዛ ገባች።

“ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እየው።”

“ምንድን ነው፣ የእባብ ቆዳ?”

“የዳቦ ቤቱ ከረጢት ነው። ጨርቁ በስብሷል። ቀለማችን አልበሰበሰም።”

ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። “ጎሽ! ቀለም ማለት እንዲህ ነው።”

“በሐኪሟ ከረጢት ላይ ‘ሙሉ በሙሉ’ ብለናል እኮ።”

“ታዲያ ማን ቆፍሮ ያያል?”

“እኔ ቆፈርኩ።”

ጋሼ ልጣጩን መለሰላት። “ስሚኝ፣ ‘ሙሉ በሙሉ’ የአነጋገር ነው። ሰው ‘ሞቼ ነበር በሳቅ’ ሲል ተነስተሽ ትቀብሪዋለሽ?”

ይህን እያለ ሐኪሟ ደረሰች። ደቃቃ ሴት ናት፤ ከረጢት የምታየው አፍ እንደምታይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ናሙናዎች አንዱን ገለበጠች፣ ስፌቱን በጣቷ ተከተለች፣ ከዚያ የተንጠለጠለበትን ወረቀት አነበበች።

“‘ለአካባቢ ተስማሚ’ ምን ማለት ነው?”

“ያው… ለአካባቢ ይስማማል ማለት ነው፣ ዶክተር” አለ ጋሼ።

“ለየትኛው አካባቢ? ለዚህ ሰፈር?”

ጋሼ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ቀጣዩን አነሳች። “‘መልሶ ከተመረተ ፕላስቲክ’ የሚለውስ?”

“ከተጣለ የውሃ ጠርሙስ የተሠራ ነው” አለች ጠቃጠቆ። “አዲስ ፕላስቲክ አልወጣበትም። እሱም ቢሆን ፕላስቲክ ነው፤ አይበሰብስም።”

“ስለዚህ ይሻለኛል ያልኩት ይሄኛው ነው።” ሐኪሟ የጥጡን ከረጢት ወደ ራሷ ሳበች።

ጋሼ እህቱን በዓይኑ ያዛት። የጠቃጠቆ አፍ እንደተባለው ተሳሰረ። ልጣጩን ከረጢቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

“ጨርቁ አፈር ውስጥ ጠፍቶ ይሄ ቀረ” አለች። “ያንቺም… የእርስዎም በዚሁ ቀለም ነው የታተመው። ‘ሙሉ በሙሉ’ ያልኩት እኔ ነኝ። ልክ አይደለም።”

ሐኪሟ ልጣጩን ለጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። “ጥርስ የምሞላበት ነገር እንዲህ ቢጸናልኝ ደስታዬ ነበር። ሌላ ቀለም የለም?”

“በውሃ የሚቀጥን አለ። ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ ላዩ ላይ አይጋገርም። ይበሰብሳል ለማለት ግን ቀብሬ አላየሁትም። የስፌቱም ክር ጥጥ አይደለም።”

“ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ?”

“‘ጨርቁ ጥጥ ነው።’”

“እሱን ብቻ?”

“የማውቀው እሱን ነው።”

“ጥጥነቱን ሰው ሲነካው ያውቀዋል።” ሐኪሟ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። “ዓርማዬ ብቻ ይሁን፣ በውሃው ቀለም። እኔ የምፈልገው ታካሚዎቼ እስኪያረጅ እንዲይዙት እንጂ እንዲቀብሩት አይደለም። ናሙናውን አይቼ እወስናለሁ።”

በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ጋሼ የትዕዛዙን ወረቀት አነሳ። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

“ሳትፈርም ወጣች።”

“አዎ።”

“ወደ ገንዳሽ ብዬሽ ነበር።”

“ብለሃል።”

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለአፍታ ጭንቅላቱን አከከ። “ያን የውሃ ቀለም እኔ አልነካውም፤ ገና በመግፊያው ሳልስበው ወንፊቱ ላይ ይደርቅብኛል። አንቺ ነሽ ያመጣሽው፣ አንቺው አትሚው።” ወደ ጓዳ ከገባ በኋላ ድምፁ ተከትሎ መጣ። “ሲደርቅም አንቺው ውሰጅላት። እኔ ከሄድኩ ደግሞ ስለ ሰፈሩ ትጠይቀኛለች።”

ጠቃጠቆ ከመደርደሪያው ጥግ የውሃውን ቀለም አወረደች። ላዩ ላይ የረጋውን ቆዳ ገፍፋ በውሃ አቀጠነችው። ወንፊቱን አዲስ ከረጢት ላይ አስተኝታ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታመነታም፣ መግፊያውን አንዴ ወደ ራሷ ሳበች። ፍሬሙን ስታነሳ የጥርሱ ዓርማ ከቀድሞው ፈዘዝ ብሎ ወጣ። በጣቷ ጫፍ ዳር ዳሩን ነካችው፤ ከጨርቁ በቀር የሚዳሰስ ነገር የለም። ከረጢቱን ሽቦው ላይ በሁለት መቆንጠጫ ሰቀለችው፤ የቀለሙን ቆርቆሮ ክዳን በመዳፏ ጫን ብላ ዘግታ ወደ መደርደሪያው መለሰችው።