ብል የበላው ጭራ

የላባ ማስቀመጫውን ቀርከሃ ገልብጬ ስመታው የወረደው ዱቄት ነበር። የእናቴ ወንድም ኩንዲል ለቅዳሜው ጭፈራ ያዋሱኝን የበቀቀን ጭራዎች፣ እነዚያን ጫፋቸው ቢጫ የሆነ ረጃጅም ላባዎች፣ ብል ጨርሷቸዋል። ላባ ብል እንዳይነካው ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ እየጠጣ ነው የሚኖረው። እኔ ግን ሃገን ከተማ ያየሁትን ዓይነት ቆርቆሮ ቤት ካልሠራሁ ብዬ፣ ምድጃውን ደጅ አውጥቼ፣ ቀርከሃውን ንጹሕ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ዘመናዊ መሆኔ ነው!

«ንገራቸው» አለችኝ ሚስቴ ኮፒል።

«ምን ብዬ?»

«ቤቴ ሲያምር ላባዎ አለቀ በላቸዋ።»

አልነገርኳቸውም። በማግስቱ ልጃችን ምቢን ትኩሳት ያዛት። የጤና ጣቢያው ክኒን ምንም አልፈየደላትም፤ በሦስተኛው ቀን ድምጿም ጠፋ። እኛ ዘንድ የእናት ወንድም ተበድሎ በደሉ ከተደበቀ፣ የሞቱት ቅድመ አያቶቻችን የሚይዙት የበዳዩን ልጅ ነው፤ የሚለቁትም እውነቱ ሲነገር ነው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ግን አጎቴን እፈራቸዋለሁ፣ ምን ላድርግ፤ አሳማቸውን የሰረቀው ሰውዬ ዛሬም ያነክሳል።

ስለዚህ አዲስ ጭራ አግኝቼ በስውር ልተካ ተነሣሁ። በቀቀኖቹ ወለላ የሚጠጡበት ዛፍ ተራራው ላይ አብቧል፤ ባለቤቱ ደግሞ ራሳቸው ኩንዲል ናቸው። በሰው ዛፍ ወፍ ማጥመድ ጦር ያማዝዛል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው።

ጎህ ሲቀድ ቅርንጫፎቹ መሐል ቅጠል ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ጭጋጉ ሲገፈፍ መጡ፤ ቀይና አረንጓዴ፣ ገላቸው ከጡጫዬ እምብዛም የማይበልጥ፣ ምላሳቸውን አበባው ውስጥ እየከተቱ። አንዷ እግሯን ወጥመዴ ውስጥ አስገባች። ስቤ ያዝኳት። መዳፌ ውስጥ የሚመታው ልብ የሷ ይሁን የኔ መለየት አቃተኝ።

ያኔ ከሥር ቅጠል ተንኮሻኮሸ። አጎቴ ናቸው፣ ቀስታቸውን ይዘው።

ትንፋሼን ዋጥኩ። ወፏ ግን ጮኸች። አንገቷን አንዴ ብጠመዝዘው ዝም ትላለች፤ እሳቸውም ያልፋሉ። ጣቴን አንገቷ ላይ አደረግሁ። ድምጿ የጠፋው ልጄ ትዝ አለችኝና ጣቴ እምቢ አለኝ።

«ማነው ዛፌ ላይ ያለው?» ቀስቱ ተወጠረ።

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ! ራይፓ! ቀስቱን አይልቀቁት! ላባዎን ብል በላው! ጭስ ነሥቼው ነው! ፈርቼ ደበቅኩዎት! ልጄ እየሞተችብኝ ነው!»

ቀስቱን ዝቅ አደረጉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመችው?»

«ከሰኞ።»

ዛፉ ሥር ዘጭ ብለው ተቀመጡ። «እኔ እኮ ላባውን እሑድ ሰምቻለሁ። ሚስትህ ለሚስቴ ነግራታለች። ራሱ መጥቶ ይንገረኝ ብዬ አራት ቀን ንዴቴን ውጬ ቁጭ አልኩ። የተዋጠ ንዴትም ልጅ እንደሚበላ እያወቅሁ! ውረድ፣ አንተ ፈሪ፣ የእኔ የፈሪው እህት ልጅ!»

«ወፏስ?»

«ልቀቃት። ጭስ ለሌለው ቤት ላባ ምን ያደርግለታል?»

ቁልቁል ሮጥን፤ ሽማግሌው ቀደሙኝ። ደጃፌ ስንደርስ ከውስጥ ጩኸት ሰማን። ባለሁበት ቆምኩ። እሳቸውም ክርኔን ጨብጠው ቆሙ፤ ሁለታችንም መግባት ፈራን።

ኮፒል ፊቷ በእንባ ርሶ ብቅ አለች። «ምን ይገትራችኋል? አሁን ነቅታ ስኳር ድንች ካልሰጣችሁኝ ብላ እየጮኸች ነው!»

አጎቴ ክርኔን ለቀቁ። ከደጁ ምድጃ የሚጤስ ግንድ አነሡና ይዘውት ወደ ንጹሑ ቤቴ ገቡ። አልከለከልኳቸውም።