የእታለም ጆሮ የጠፋበት ሌንስ

ሙሽራ በማንሣት ስሙን ያስጠራው ፎቶ አንሺ፣ የዚያን ቀን የቀረጸው የገዛ እህቱን ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ከኋላዋ የሰቀለው አረንጓዴ ጨርቅ ወጥቶ በቦታው ካርታ ሲተካ፣ የእህቱም ግራ ጆሮ ከጨርቁ ጋር አብሮ ሄደ። ፀጉሯም ዳር ዳሩን ብል የበላው ይመስላል።

«ጆሮዬን የት አደረስከው?» አለች እህቱ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ።

«የጨርቁ ጥፋት ነው፣ እታለም። ተጨማዷል።»

ጨርቁ ምን በወጣው! እሷ ራሷ ሁለቴ ተኩሳዋለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

ታላቁ ናት፤ ፊደል ያስቆጠረችውም፣ ሲያጠፋ የቆነጠጠችውም እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ከወጣች ስምንት ወሯ ነው። ቤት ውስጥ የሚያዳምጣት ብታጣ፣ ሰሞኑን ከሬዲዮ ጋር መከራከር ጀምራለች። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የአየር ትንበያ አቅራቢ እፈልጋለሁ፣ ዕድሜ አይገድብም ሲል ስትሰማ ታዲያ ልቧ ተነሣ። የሙከራ ቪዲዮው እስከ አሥር ሰዓት መድረስ አለበት፤ አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል።

«ዛሬ ካልሰሙኝ ከእንግዲህ ማንም አይሰማኝም» ብላው ነበር ጠዋት። ይህን ስትል ድምጿ ሰለል አለ፣ አንጀቱን በላችው፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚወደውን ሌንስ አወጣላት። በዚያ ሌንስ ሙሽራይቱ ብቻ ጥርት ብላ ትወጣለች፤ ከኋላዋ ያለው ወንበር፣ ሽቦ፣ የሚያዛጋ አማች ሁሉ ጭጋግ ይሆናል።

«ይሄን ሌንስ ለምን መረጥከው?» አለች አሁን፣ ተማሪ ሰሌዳ ፊት ያቆመች ይመስል።

«ከኋላ ያለውን ስለሚያደበዝዝ።»

«ከኋላዬ ምን አለ?»

«ጨርቅ።»

«ጨርቁን ምን ታደርገዋለህ?»

«አውጥቼ... እጥለዋለሁ።»

«ታዲያ ለሚጣል ነገር ምን አደከመህ?»

ሌንሱን ከካሜራው ነቀለ። የሃያ ዓመት ሙያው ነው እኮ! ሌንሱ አፍንጫዋን ሲያጠራ ጆሮዋን ያደበዝዛል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የደበዘዘውን ጠርዝ ከአረንጓዴው መለየት ሲያቅተው አብሮ ይጠርገዋል። ይህን የደረሰችበት ካሜራ ይዛ የማታውቅ ሴት ናት። አፈረ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ መጣ።

ሰፊውን ሌንስ ገጠመ። እሱ ሁሉን ያጠራል፤ ሁሉን ስለሚያይ ግን በግራ ቁም ሣጥኑን፣ በቀኝ የአልጋውን ራስጌ ይዞ መጣ። የቀረው ረጅሙ ሌንስ ነበር፣ ዓይን አፋር ሙሽራ ስትገጥመው ከሩቅ ሰርቆ የሚያነሣበት። ጠበብ አድርጎ ስለሚያይ ያቺ ጨርቅ ትበቃዋለች፤ የብርሃን ቀዳዳውን ሲያጠቡትም ከአፍንጫ እስከ ጆሮ ይጠራል፤ ብርሃን ግን ያንሰዋል። ፎቶ አንሺው የቤቱን መብራት ሁሉ ሰብስቦ ወደ እህቱ አዞረ። ችግሩ፣ ረጅም ሌንስ ርቀት ይፈልጋል። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲል ከክፍሉ ወጣ፣ ኮሪደሩን አቋረጠ፣ ጀርባው ከጎረቤቷ ከልብስ ሰፊዋ በር ጋር ተላተመ።

«ግባ እንጂ፣ በሩ ምን አደረገህ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ከፍታ።

ካሜራውን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተከለ። እሷም ሥራዋን አቁማ በትከሻው ላይ አሻግራ ታይ ጀመር።

«ይሰማሻል?» ብሎ ጮኸ ወደ እህቱ።

«ጠያቂዋ እኔ ነኝ! የኋላ ወንበር፣ ይሰማል?» አለች፤ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ሆነች። ሌንስ አፍንጫዋ ሥር ሲደቀን እንጨት ሆና የነበረችው ሴት፣ እጇን ዘርግታ በሌለ ካርታ ላይ ደመና ትነዳ ጀመር። ነፋሱን ከምዕራብ አስነሣች፣ ተራራ አሻገረች፤ ዛሬ ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ከባድ ዝናብ ይጥላል ብላ አስጠነቀቀች። ትንበያውን የፈጠረችው ራሷ ናት፤ ውጭ ያለው ፀሐይ ዓይን ያጥበረብራል።

ቀረጻው ሲያልቅ ፎቶ አንሺው ዞር ቢል ልብስ ሰፊዋ የለችም። እህቱም አይታ ኖሮ ፊቷ ጠቆረ።

«አየህ፣ ሰለቸኋት» አለች።

አፍታም ሳይቆይ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ከማስጫው ገመድ የሰበሰበችውን፣ ውሃው ገና የሚንጠባጠብ አንሶላና ቀሚስ እስከ አገጯ ተሸክማ እያለከለከች መጣች።

«መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ! እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ ሊዘንብብኝ ነበር።»

እህቱ በመስኮቱ ፀሐዩን አየች፤ እርጥቡን አንሶላ አየች። ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ላከው!» አለችው ወንድሟን።

እሱ ካርታውን አስገብቶ ቪዲዮውን ሲልክ፣ ሁለቱ ሴቶች ልብሱን መልሰው ሊያሰጡ አብረው እየወጡ ነበር፤ ሳቃቸው ከደረጃው ይሰማዋል።